ያለ እሳት የሚወጣ ቡና
(የቤት ውስጥ ሳይንስ ለተማሪዎችና ለወላጆች)

ባለፈው የፈተና ወቅት ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ በውኃ ፕላስቲክ ጥቁር መጠጥ ሞልተው ወደ ክፍል ማምጣት ጀምረው ነበር። መምህራን ሲጠይቋቸው ቀዝቃዛ ቡና መሆኑን፣ ማታ ዘፍዝፈው ያሳደሩትን ጠዋት አጥልለው እንዳመጡት ነገሯቸው። አንዷ ተማሪ "አልፈላም እኮ፤ እንደ ጀበና ቡና ኃይል የለውም" አለች። እናቷም ሲጠየቁ ያንኑ መለሱ።

እኔ ይህን መልስ እንደ ጥሩ ጥያቄ ነው የወሰድኩት። ለመሆኑ ቡናን ኃይለኛ የሚያደርገው እሳቱ ነው? እሳቱን ብናወጣው ምን ይቀራል፣ ምንስ ይጎድላል? መጠጡን ማውገዝ አያስፈልግም። በኢምባካሲ ፎቅ ቤቶች ለሚኖር፣ ከሰል ማቀጣጠል ለማይመቸው፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ለሚከብደው አዋቂ ሰው ደስ የሚል መጠጥ ነው። አሠራሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ሐሳብ ይበቃል። እሳት ለቡና ሦስት ሥራ ይሠራል፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ ነው የምናውቅለት። ከቡናው ውስጥ ጣዕሙንና ካፌይኑን በፍጥነት ያወጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ሥራው ውኃውን አፍልቶ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን መግደል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጠጪውን ማዘግየት ነው፤ ትኩስ ቡና በስኒ፣ ፉት እየተባለ፣ ከሰው ጋር እየተጫወቱ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይጠጣም። እሳቱን ያስወገደ ሰው ሦስቱንም ሥራዎች ራሱ ሊሠራቸው ይገባል።

ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጾም ወቅት ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ከጠለለ በኋላ በማር በሚጠጣበት ቤት ያደገ ልጅ የቀዝቃዛ ቡናን አሠራር ግማሹን ያውቃል። የሱፍ ውኃም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ቡና ብዙ ሰዓት መፈለጉ ነው። በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ቀዝቃዛ ውኃ በቡና ላይ ጠብ ጠብ እያለ እንዲወርድ የሚያደርጉ ረጃጅም የብርጭቆ ዕቃዎች አሉ። በአሜሪካ ደግሞ ቶድ ሲምፕሰን የተባለ የኬሚካል ምሕንድስና የተማረ ሰው በ1964 ለቤት የሚሆን መዘፍዘፊያ ሠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስታርባክስ በ2015 በሱቆቹ መሸጥ ሲጀምር መጠጡ በወጣቶች ዘንድ ይበልጥ ታወቀ። ፈልቶ በበረዶ ከቀዘቀዘው ቡና እንዳይምታታብን እኔ ከዚህ በኋላ "ዝፍዝፍ ቡና" እለዋለሁ።

ቀዝቃዛ ውኃ ምን ያህል ያወጣል?

ካፌይን ነጭ፣ መራራ፣ በውኃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ከቡና ለይቶ ያወጣው በ1819 ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 ግራም ያህል ካፌይን ያሟሟል፤ በ80 ዲግሪ 18 ግራም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ ከ60 ግራም በላይ። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ተማሪ "እንግዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ካፌይን አያወጣም" ሊል ይችላል። ግን እስቲ እናስላው። በአንድ ሊትር ውኃ 100 ግራም የአራቢካ ቡና ዘፈዘፍን እንበል። አራቢካ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ስለሆነ፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ካፌይን በሙሉ ቢደመር 1.2 ግራም ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ግን 20 ግራም ማሟሟት ይችላል። ለካፌይኑ የሚሆን ቦታ ሞልቷል። ቀዝቃዛ ውኃ የሚጎድለው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነትን ደግሞ ጊዜ ይተካዋል።

ምን ያህል ጊዜ? በ2017 ሜጋን ፉለርና ኒኒ ራኦ የተባሉ በፊላደልፊያ የሚያስተምሩ ሁለት ኬሚስቶች ይህንን ለክተው አሳትመዋል። በክፍል ሙቀት በተዘፈዘፈ ቡና ውስጥ የካፌይኑ መጠን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍታው ላይ ደርሶ ይቆማል። ማታ 3 ሰዓት ተዘፍዝፎ ጠዋት 12 ሰዓት የሚጠለል ቡና፣ ፍሪጅ ያላየ ከሆነ፣ የሚያወጣውን ካፌይን አውጥቶ ጨርሷል ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይዘገያል፤ ይሁን እንጂ መውጣቱ አይቀርም። የተማሪዋ "ኃይል የለውም" እዚህ ላይ ወደቀ።

እነዚሁ ሰዎች በ2018 ሌላ ነገር መረመሩ። ዝፍዝፍ ቡና አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ለጨጓራ ይስማማል የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) በትኩሱም በቀዝቃዛውም ከ4.85 እስከ 5.13 ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ መለኪያ የጎላ ልዩነት አልታየም። ትኩሱ ግን በጠቅላላው የበዛ የአሲድ ዓይነት አውጥቶ ነበር። ምላስ ልስላሴ የሚሰማው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ጨጓራ የሚያመው ሰው በዚህ ተማምኖ ብርጭቆውን ባይሞላ እመክራለሁ።

ስለ ማውጣት እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የሚያውቁት አለ። አንድ ጊዜ ጀበና ውስጥ የገባ ቡና ሦስት ጊዜ ውኃ ይጨመርበታል፤ አቦሉ ይወፍራል፣ ቶናው ይቀጥናል፣ በረካው ከዚያም ይቀላል። በቡናው ውስጥ የሚሟሟው ነገር የተወሰነ ነውና የመጀመሪያው ውኃ አብዛኛውን ይዞ ይሄዳል። በረካ ለልጆች የሚፈቀድበት ቤት ያለውም ለዚህ ነው። ዝፍዝፍ ቡና ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል ደረጃ የለውም። ሦስቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ተጠቃለው ነው የሚቀርቡት።

ውኃው

ወላጆች በተለይ ይህን ክፍል ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። በአካባቢያችን ውኃ ከብዙ መንገድ ይመጣል፤ በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ከቧንቧ፣ ከቦቴ፣ ከጕድጓድ፣ በጀሪካን ከሚሸጥ። ከዚያም ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር ውስጥ ይቆያል። ጀበና ላይ ስንጥደው ውኃው ከየትም ይምጣ ከየት ይፈላል፤ ስለዚህ ቡና አፍልቶ የጠጣ ሰው ሳያስበው ውኃውን አክሟል። ዝፍዝፍ ቡና ግን በምንም ደረጃ እሳት አያገኘውም። ቡና ደግሞ ተሕዋስያንን አይገድልም፤ ጥቁርነቱና ምሬቱ ሊያታልለን አይገባም።

ስለዚህ ውኃውን አስቀድሞ ማፍላት ግድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,624 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል። ያም ሆኖ ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፤ እየተንፈቀፈቀ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ማቆየት ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። የጕድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የናይሮቢ የጕድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ወላጅ ጥርስ የሚያበልዘውን ውኃ ያውቀዋል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ለዚህ ተግባር የቧንቧ ውኃ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ማስቀመጥ ነው። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ፒኤቹ ከ4.6 በላይ የሆነን፣ አየር በማያስገባ ዕቃ የታሸገን እርጥብ ምግብ ያለ ፍሪጅ ማቆየት አይፈቅዱም። አየር በሌለበት የሚራባው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ነው። ከላይ እንዳየነው ቡና ከዚያ መስመር በላይ ነው። በ2017 አንድ የአሜሪካ ድርጅት የታሸገ ቀዝቃዛ ቡናውን ከገበያ የሰበሰበው በዚሁ ስጋት ነበር። እንግዲህ ክዳኑን አጥብቆ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከጠዋት እስከ ማታም በቦርሳ ይዞ መዞር የለም። እኔ የምመክረው መዘፍዘፉም ፍሪጅ ውስጥ እንዲሆን ነው። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ይደፋ። 100 ግራም ቡና ያሳዝናል፤ ልጅ ታሞ ሆስፒታል ማደር ግን የባሰ ነው።

አዘገጃጀቱ

ቡናው እንደ ወትሮው ይቆላ፤ ግን አይረር። ለጀበና የሚጠቅመው ጥቁር ቁሌት እዚህ የከሰል ጣዕም ይሰጣል። ተቆልቶ ወዲያው የሚወቀጠው ለጀበና ነው፤ ለዝፍዝፍ ቡና አንድ ቀን ቢያርፍ ይሻላል፣ ትኩስ ቁሌት በውስጡ የያዘው አየር ውኃውን ይገፋዋልና። ከዚያ በሙቀጫ ወይም በወፍጮ ሸከር ተደርጎ ይፈጫል፤ ከቅንጬ ትንሽ ደቀቅ ያለ ቢሆን ልክ ነው። ከሱቅ የሚገዛው እንደ ዱቄት የላመ ቡና ማጥለያውን ይደፍናል፣ መጠጡንም ያደፈርሳል።

በፈላ ውኃ በታጠበ ባለ ክዳን የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ 100 ግራም ቡና ጨምሩ። ሚዛን የሌለው ቤት በሾርባ ማንኪያ ሃያ ያህል፣ ያልተቆለለ፣ ይለካ። ፈልቶ የቀዘቀዘውን አንድ ሊትር ውኃ አፍስሱበት፤ ደረቅ ሆኖ የተንሳፈፈ እንዳይቀር በንጹሕ ማንኪያ አማስሉና ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ። ሲደርስ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ ተቀቅሎ በደረቀ ነጭ ሻሽ እጥፍ ይጠለላል። ሻሹን አትጭመቁት፤ ዝቃጩን ይዞት ይወርዳል። አንድ ሊትር አግብታችሁ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ብታገኙ አትደነቁ፤ ቡና ከክብደቱ እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ይቀራል። አተላው ለአበባ መደብ ይሆናል።

የተጠለለው ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ወተት የገባበት ግን የዚያው ቀን ነው። ስኳር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ አስቀድሞ በጥቂት ሙቅ ውኃ ማሟሟት ይሻላል። ጨውና ቅቤ ለምዶ የመጣ ሰው ቅቤውን ይርሳው፤ ይረጋበታል። የጤና አዳም ቅጠል ግን ጥሩ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡር እናቶች ብቻ ይተዉት።

የትኛው ቡና? ለእኔ ምላስ ያልታጠበ የሐረር ወይም የጉጂ ቡና በዝፍዝፍ ይደምቃል፤ የፍራፍሬ ጠባዩ ሳይጠፋ ይወጣል። የታጠበ ይርጋ ጨፌ ደግሞ ዋናው ጌጡ መዓዛው ስለሆነ፣ መዓዛ ያለ ሙቀት በደንብ ስለማይነሣ፣ ይባክናል እላለሁ። በዚህ የማይስማሙኝ መምህራን አሉ። የኬንያ ቡናም አይናቅ። የሚገርመው፣ ቡና ኬንያ የገባው በሞያሌ ተሻግሮ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን በሕንድ ውቅያኖስ ወዳለችው ቡርቦን ደሴት (ዛሬ ሬዩኒየን) ሄዶ፣ በ1893 በፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ ነው የጎረቤታችን አገር ላይ የደረሰው። ካቤቴ ላይ የነበረው የስኮት የእርሻ ላቦራቶሪ በ1930ዎቹ የመረጣቸው ኤስኤል 28 እና ኤስኤል 34 ዛሬም በኬንያ እርሻዎች ላይ አሉ። ፓኬቱ ላይ "ኤኤ" የሚለው የፍሬውን ትልቅነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ የጣዕም ማዕረግ አድርጋችሁ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳትከፍሉበት። "ሮቡስታ" የሚል ካያችሁ ግን ቆም በሉ፤ ካፌይኑ ከአራቢካ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ስንት ነው የሚበዛው?

አሁን ወደ ውኃ ፕላስቲኩ እንመለስ። በአንድ ሊትር ውስጥ ከነበረው 1,200 ሚሊ ግራም ካፌይን ሦስት አራተኛው ወጣ ብለን ብናሰላ 900 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ማለትም በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.9። አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር፣ 180 ሚሊ ግራም ይይዛል። ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ 450 ይይዛል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200፣ ስጋት የለውም ብሏል፤ ለነፍሰ ጡር በቀን 200። ለልጆችና ለወጣቶች መነሻው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ፕላስቲኩን የጨረሰ ተማሪ ለእርሱ ከተባለው ሦስት እጥፍ፣ ለአባቱ ከተባለውም በላይ ጠጥቷል። ያውም ቀዝቃዛና ለስላሳ ስለሆነ በአንድ እረፍት ሰዓት ያልቃል። ይኸው ነው እሳት ይሠራው የነበረው ሦስተኛው ሥራ። ትኩስ ቢሆን ኖሮ በዚያ ፍጥነት ባልጨረሰው ነበር። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ በፈተና ወረቀት ላይ ዓይን መቅበዝበዝ ከዚህ ይመጣሉ።

ካፌይን እንቅልፍን አያጠፋም። ቀኑን ሙሉ በአንጎል ውስጥ የሚከማች አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሲበዛ ድካም ይሰማናል። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል እንጂ አዴኖሲኑን አያስወግደውም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 180 ሚሊ ግራም የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ 90፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 45 በደሙ ውስጥ አለ። (ሰዓቱን በእኛ ቆጠራ ነው የጻፍኩት፤ ደግነቱ የስዋሂሊ ቆጠራም ያው ነው።) ያጠናውን ትምህርት አንጎል የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ለፈተና ብሎ የሚጠጣ ተማሪ በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው ይበትናል።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች ቡና በፕላስቲክ ይዘው መግባት አይፈቀድላቸውም። ወላጆች ለራሳቸው ሲያዘጋጁ ደግሞ የተጠለለውን በእኩል ውኃ ወይም በበረዶ ቀጥነው በትንሽ ብርጭቆ ቢጠጡት ጣዕሙም ይስተካከላል፣ መጠኑም በግማሽ ይወርዳል። ማንም ስለማያውቀው ጥቁር ጁስ መስሎት የሚቀዳ ታናሽ ልጅ እንዳይኖር ዕቃው ላይ "ቡና" ብላችሁ ጻፉ። ከምግብ ጋር ባይጠጣም መልካም ነው፤ ቡና ሰውነት ከምግብ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል፣ ይህ በተለይ ለወጣት ሴቶች ልጆቻችን ይመለከታል።

የዕረፍት ጊዜ ተግባር ከ7ኛ ክፍል በላይ ላሉ

ከወላጅ ጋር ሦስት ትንንሽ የብርጭቆ ዕቃዎች አዘጋጁ። በእያንዳንዱ 20 ግራም ቡናና 200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያውን በ3 ሰዓት፣ ሁለተኛውን በ7 ሰዓት፣ ሦስተኛውን በ16 ሰዓት አጥልሉ፤ የተጠለሉትን ሦስተኛው እስኪደርስ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። የወጣውን ውኃ መጠን ለክታችሁ ጻፉ፣ ቀለማቸውን ከነጭ ወረቀት ፊት አስተያዩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ማንኪያ በምልክት ብቻ በተለዩ ስኒዎች ቀድታችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትናገሩ፣ ለወላጆቻችሁ አቅርቡ። ቀማሹ ወላጅ ነው፤ ተማሪው መዝጋቢ ነው። ሦስቱን በውፍረት ቅደም ተከተል እንዲደረድሩ ጠይቁ፣ 7 ሰዓትና 16 ሰዓት የቆየውን መለየት ችለው እንደሆነም ጻፉ። አያት በቤት ካሉ ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ የትኛውን እንደሚመስል ጠይቃችሁ መልሳቸውን እንዳሉት ጻፉት። ወረቀቱን ትምህርት ቤት ስንመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ለሳይንስ መምህራችሁ ታስረክባላችሁ።